ግድግዳም ያስተምራል፦ የሰሜን አየርላንድ የግድግዳ ሥዕሎችና መታሰቢያዎች



እኛ እጩ መምህራን ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ስንነጋገር ቶሎ ትዝ የሚለን ጥቁር ሰሌዳው፣ ካርታው፣ ሠንጠረዡና ሥዕሉ ነው። እነዚህን መምህሩ መርጦ፣ አዘጋጅቶ ክፍል ውስጥ ይሰቅላቸዋል። ታዲያ ልጁ ትምህርት ቤት ከመድረሱ በፊት በየመንገዱ የሚያያቸው፣ መምህር ያልመረጣቸው ሥዕሎችስ? ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን እንኳ ሥዕል ያነባል እኮ! ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ግድግዳ እንዴት አስተማሪ እንደሚሆን፣ በተለይም ሕዝቡ በሁለት ወገን በተከፈለበት አገር ምን ዓይነት ትምህርት እንደሚሰጥ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ለምሳሌነት የመረጥነው ሰሜን አየርላንድን ነው። የግድግዳ ሥዕል በቤልፋስትና በደሪ ከተሞች የሠራውን ያህል የፖለቲካ ሥራ የሠራባቸው ቦታዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ነገሩ ከምን ተነሣ?

አየርላንድ ለብዙ መቶ ዓመታት በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር የቆየች ደሴት ናት። በ1921 ለሁለት ተከፈለች። ደቡቡ የራሱን መንግሥት ሲያቋቁም በሰሜን ያሉት ስድስት አውራጃዎች የብሪታንያ ክፍል ሆነው ቀሩ። በነዚህ አውራጃዎች በዚያን ጊዜ የሚበዛው ሕዝብ ፕሮቴስታንት ነበር፤ ፍላጎቱም ከብሪታንያ ሳይለይ መኖር ነው። ቁጥሩ የሚያንሰው ካቶሊክ ግን በአብዛኛው አየርላንድ አንድ እንድትሆን ይሻ ነበር። እንግዲህ ጠቡ የሃይማኖት ስም ይያዝ እንጂ፣ የየትኛው አገር ዜጋ እንሁን፣ ሥራና መኖሪያ ቤት ለማን ይሰጥ የሚል ጥያቄ ነው።

ይህ ጥያቄ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ደም መፋሰስ አመራ። በአንድ ወገን የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር ወይም አይ.አር.ኤ.፣ በሌላው ወገን የፕሮቴስታንቱ ሠፈር ታጣቂ ቡድኖች፣ በተጨማሪም የብሪታንያ ሠራዊትና ፖሊስ ነበሩ። ኤፕሪል 10 ቀን 1998 የሰላም ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል በሆነ በዚያች ትንሽ አገር ከ3,500 በላይ ሰው አልቋል። እንዲህ ባለች ጠባብ አገር ሟቹን የማያውቅ ጎረቤት፣ የገዳዩን ሠፈር የማያውቅ ልጅ የለም ማለት ይቻላል።

ግድግዳው እንዴት ተገኘ?

ቤልፋስት የመርከብ ሥራና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተማ ነበረች። የሠራተኞቹ ቤቶች የጎንና ጎን ግድግዳቸውን እየተጋሩ በረድፍ የተያያዙ ናቸው። በረድፉ መጨረሻ ላይ የምትገኘው ቤት አንድ ጎኗ መስኮት የሌለው ሰፊ ባዶ ግድግዳ ነው። መንገድ ዳር፣ ሁሉም በሚያልፍበት ቦታ የቆመ ጥቁር ሰሌዳ ማለት ነው።

ይህን ሰሌዳ መጀመሪያ የተጠቀመበት ፕሮቴስታንቱ ወገን ነው። ከ1908 አካባቢ ጀምሮ በየሠፈሩ ይሣል የነበረው ንጉሥ ዊሊያም ሣልሳዊ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ነው። ይህ ንጉሥ በ1690 በቦይን ወንዝ አጠገብ ካቶሊኩን ንጉሥ ጄምስ ዳግማዊን ድል ያደረገ ነው። ድሉ በየዓመቱ ጁላይ 12 ቀን ስለሚከበር በዓሉ ሲቃረብ ሠፈርተኛው የፈረሱን ቀለም ያድሳል፣ መንገዱን ያስጌጣል። ያን ጊዜ የመንግሥቱ ሥልጣን በዚሁ ወገን እጅ ስለነበር ሥዕሉ «አገሩ የኛ ነው» ማለት ነበር። ካቶሊኩ ወገን ለብዙ አሥርት ዓመታት ይህን ያህል ግድግዳ አልነበረውም።

በጃንዋሪ 1969 ግን በደሪ ከተማ፣ ቦግሳይድ በሚባለው የካቶሊክ ሠፈር፣ በአንድ ቤት ጎን ላይ «አሁን ወደ ነፃይቱ ደሪ እየገባችሁ ነው» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ቤቶቹ ከጊዜ በኋላ ሲፈርሱ ያ ግድግዳ ብቻውን እንዲቆም ተደረገ፤ ዛሬም መንገድ መካከል ቆሞ ይታያል። የከተማይቱ ስም እንኳ አለመስማማቱን ይነግረናል፤ ካቶሊኩ ደሪ ሲላት ፕሮቴስታንቱ ብዙውን ጊዜ ለንደንደሪ ይላታል።

በካቶሊኩ ሠፈር ሥዕሉ እንደ ጎርፍ የመጣው በ1981 ነው። በዚያ ዓመት የታሠሩ ሪፐብሊካኖች እንደ ተራ ወንጀለኛ አንቆጠርም ብለው የረሃብ አድማ መቱ። አሥር ሰዎች ሞቱ። የመጀመሪያው ሟች ቦቢ ሳንድስ እሥር ቤት ሆኖ የፓርላማ አባልነት ተመርጦ ነበር፤ እህል ሳይቀምስ በ66ኛው ቀን ሜይ 5 ሞተ። በዚያ የጸደይና የበጋ ወራት ወጣቶች ቀለምና መሰላል ይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱም ወገን ግድግዳ ተናጋሪ ሆነ። በፕሮቴስታንቱ ሠፈርም ከንጉሡ ፈረስ ጎን ጭምብል ያጠለቁ፣ ጠመንጃ የወደሩ ሰዎች በብዛት ታዩ።

አንድ ዓመት፣ ሁለት ግድግዳ

ሁለቱ ግድግዳዎች ታሪክን እንዴት እንደሚያስተምሩ ለመረዳት 1916 የሚባለውን አንድ ዓመት ብቻ ብንወስድ ይበቃል።

በካቶሊኩ ሠፈር 1916 ማለት ደብሊን ከተማ በፋሲካ ሰሞን የተነሣው ዓመፅ ነው። ዓመፀኞቹ ኤፕሪል 24 ቀን የፖስታ ቤቱን ሕንፃ ይዘው ሪፐብሊክ አወጁ፤ ከሳምንት በኋላ ተሸነፉ፤ 16 ሰዎችም በሞት ተቀጡ። ግድግዳው ላይ የፖስታ ቤቱ ምሰሶዎችና የመሪዎቹ ፊት ይታያሉ። በፕሮቴስታንቱ ሠፈር ደግሞ 1916 ማለት በፈረንሳይ አገር የተደረገው የሶም ጦርነት ነው። ጁላይ 1 ቀን 36ኛው የአልስተር ክፍለ ጦር ለብሪታንያ ሲዋጋ በሁለት ቀን ውስጥ ከ5,000 በላይ ሙት፣ ቁስለኛና የጠፋ ሰው ቆጠረ። ግድግዳው ላይ ምሽግ፣ ቀይ አበባና አንገታቸውን የደፉ ወታደሮች ይታያሉ።

ሁለቱም እውነት ነው! ዓመተ ምሕረቱ አንድ ነው። ይሁን እንጂ በአንዱ ግድግዳ ሥር ያደገ ልጅ «በ1916 ምን ሆነ?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚሰጠው መልስ በሌላው ሠፈር ከተጠየቀው ልጅ መልስ ጋር አይገናኝም። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ግድግዳ የሚያሳስተው ሁልጊዜ ውሸት በመናገር አይደለም። እውነቱን ከፍሎ ግማሹን ይሥለዋል፤ ሌላው ግማሽ ከነጭራሹ እንዳልነበረ ይሆናል።

ልጁ ምን ይማራል?

በመጀመሪያ ደረጃ የማን ሠፈር እንደሆነ ይማራል። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ሳይቀር ቀለም ይቀባል፤ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ከሆነ የፕሮቴስታንቱ፣ አረንጓዴ፣ ነጭና ብርቱካናማ ከሆነ የካቶሊኩ ነው። ልጁ ማንበብ ሳይችል የት መቆም፣ ከየት መመለስ እንዳለበት ድንጋዩ ይነግረዋል።

በሁለተኛ ደረጃ ማን እንደሚታዘንለት ይማራል። በአገራችን ባህላዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ሙሉ ፊቱና ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ከሐዲው ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን እንደሚሣል እናውቃለን። በቤልፋስት የራስ ወገን ሟች ፊቱ፣ ስሙና የሞተበት ቀን በግድግዳው ላይ ይወጣል። የሌላው ወገን ሟች ግን በአንድ ዓይን እንኳ አይሣልም፤ ጨርሶ የለም።

በ2002 የወጣ አንድ የአልስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከ3 እስከ 6 ዓመት የሆናቸውን ሕፃናት ጠይቆ ነበር። በስድስት ዓመታቸው ከሦስቱ አንድ ያህሉ ራሳቸውን ከአንደኛው ወገን ይቆጥሩ ነበር፤ ከስድስቱ አንድ ያህሉ ደግሞ ስለ ሌላው ወገን የጥላቻ ቃል ተናግረዋል። መቼም ይህን ሁሉ ያስተማረው ግድግዳ ብቻ ነው አንልም፤ ቤተሰብም፣ ሠፈርም፣ ትምህርት ቤትም አሉበት። ነገር ግን ልጁ አንደኛ ክፍል ሲገባ ባዶ ሰሌዳ ሆኖ እንደማይመጣ መምህር ሊያውቀው ይገባል።

ይኼ ነገር ምን ድረስ እንደሚሄድ በ2001 በሰሜን ቤልፋስት ታይቷል። ሆሊ ክሮስ የሚባለው የካቶሊክ ልጃገረዶች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኘው በፕሮቴስታንቶች ሠፈር በኩል በሚያልፍ መንገድ ላይ ነው። የሁለቱ ሠፈሮች ጠብ ሲከር፣ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ሕፃናቱ በፖሊስና በወታደር ታጅበው፣ ስድብና ጩኸት እየወረደባቸው ትምህርት ቤት ተመላለሱ። የመንገዱ ድንበር የተሠመረው እነሱ ከመወለዳቸው በፊት ነበር። ዋጋውን የከፈሉት ግን ደብተር የያዙት ልጆች ናቸው።

መታሰቢያስ?

የግድግዳ ሥዕል ቀለም ነው፤ ይለቃል፣ ይታደሳል፣ ይለወጣል። መታሰቢያ ግን ድንጋይ ነው። በቤልፋስት ፎልስ በሚባለው የካቶሊክ መንገድም ሆነ ሻንኪል በሚባለው የፕሮቴስታንት መንገድ አነስተኛ የመታሰቢያ የአትክልት ቦታዎች፣ የሟቾች ስም የተቀረጸባቸው ሰሌዳዎችና የአበባ ጉንጉኖች አሉ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ ይሠራል።

መታሰቢያን ሁሉ የጠብ መቀስቀሻ ነው ብሎ መኮነን ግን ስሕተት ነው። ለዚህ ማስረጃ እንጥቀስ። ጃንዋሪ 30 ቀን 1972 በደሪ የብሪታንያ ወታደሮች በሰልፈኞች ላይ ተኩሰው 13 ሰው ገደሉ፤ አንድ ቁስለኛ ከወራት በኋላ በመሞቱ ቁጥሩ 14 ሆነ። በዚያው ዓመት በዳኛ ዊጀሪ የተካሄደው ምርመራ ወታደሮቹን በአብዛኛው ነፃ አድርጎ በሟቾቹ ላይ ጥርጣሬ ጣለ። ቤተሰቦቻቸው ምን ቀራቸው? በ1974 ሠፈራቸው ውስጥ የሟቾቹን ስም የያዘ ሐውልት አቆሙ። የቦግሳይድ ሠዓሊዎች የሚባሉ ሦስት ሰዎችም በ1997 አንድ ቄስ ደም የነካው ነጭ መሐረብ እያውለበለቡ፣ ሰዎች ሟቹን ተሸክመው ሲሄዱ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል በግድግዳ ላይ ሣሉ። በ1998 አዲስ ምርመራ ተከፈተ፤ ውጤቱም ጁን 15 ቀን 2010 ወጣ። የተገደሉት ሰዎች ለመገደል የሚያበቃ አደጋ እንዳልፈጠሩ ተረጋገጠ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሩን በፓርላማ ይቅርታ ጠየቁ። እንግዲህ የመንግሥት ወረቀት 38 ዓመት ሙሉ ያልመሰከረውን ድንጋይና ቀለም መስክረውት ነበር ማለት ነው።

የሌላውም ወገን ኀዘን እንዲሁ እውነት ነው። ኦክቶበር 23 ቀን 1993 በሻንኪል መንገድ አይ.አር.ኤ. አንድ የዓሣ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ባፈነዳው ቦምብ ዘጠኝ ሠፈርተኞችና ከአፈንጂዎቹ አንዱ ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ሕፃናትም ነበሩ። ለነሱም በመንገዱ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ሙት ወቃሽ አያድርገንና፣ ችግሩ ሙታን በመታሰባቸው አይደለም። ችግሩ አንድ ልጅ የዘጠኙን ስም በቃሉ እያወቀ የዐሥራ አራቱን ሳይሰማ፣ ሌላውም የዐሥራ አራቱን እያወቀ የዘጠኙን ሳይሰማ ማደጉ ነው።

የሁሉንም ሟች በአንድ ላይ ለማሰብ የተሞከረበት ቦታም አለ። ስምምነቱ ከተፈረመ ከአራት ወር በኋላ፣ ኦገስት 15 ቀን 1998፣ ስምምነቱን የተቃወመ አንድ የሪፐብሊካን ቡድን ኦማ በምትባል ከተማ ቦምብ አፈንድቶ 29 ሰው ገደለ። ካቶሊክም ፕሮቴስታንትም፣ ከስፔን የመጡ እንግዶችም አለቁ። በ2008 የተመረቀው መታሰቢያ የማንንም ባንዲራ አላነሣም። በአትክልት ቦታው ውስጥ 31 ትናንሽ መስተዋቶች የፀሐይን ብርሃን እየተቀበሉ ቦምቡ ወደ ፈነዳበት መንገድ ወዳለው የብርጭቆ ሐውልት ይልካሉ። መስተዋቶቹ ከ29 ወደ 31 ከፍ ያሉት በእናታቸው ማሕፀን የነበሩ መንትዮች ስለ ተቆጠሩ ነው። ሆኖም በመታሰቢያው ላይ ምን ይጻፍ በሚለው ጉዳይ እዚያም ቢሆን ክርክር አልቀረም።

ሥዕሉ ቢለወጥ ልብ ይለወጣል?

ከስምምነቱ በኋላ የሰሜን አየርላንድ የሥነ ጥበብ ምክር ቤት በ2006 የ3.3 ሚሊዮን ፓውንድ ዕቅድ አወጣ። ዓላማው በየሠፈሩ ያሉትን የጠመንጃ ሥዕሎች ነዋሪው ተመካክሮ በሌላ እንዲለውጣቸው መርዳት ነበር። በምሥራቅ ቤልፋስት የአገሩ ተወላጅ የሆነው የሕፃናት መጻሕፍት ደራሲ ሲ. ኤስ. ሉዊስ፣ እግር ኳስ ተጫዋቹ ጆርጅ ቤስት፣ በከተማይቱ የተሠራችው ታይታኒክ መርከብ በግድግዳ ላይ ይታያሉ።

ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በ2012 ሳንዲ ሮው በሚባለው ሠፈር ለረዥም ጊዜ የቆየው ባለ ጭምብል ታጣቂ ተነሣና በምትኩ ማን ተሣለ? ንጉሥ ዊሊያም! ጠመንጃው መሄዱ መልካም ነው፤ ግድግዳው ግን ወደ 1690 ተመለሰ። ታይታኒክም ብትሆን በሁሉም ዓይን አንድ አይደለችም። የመርከብ ፋብሪካው ሠራተኛ በአብዛኛው ፕሮቴስታንት ነበር፤ በ1920ም በሺህ የሚቆጠሩ ካቶሊኮች ከዚያ ሥራ በኃይል ተባረዋል። ለአንዱ የአያቱ የእጅ ሥራ የሆነች መርከብ ለሌላው አያቱ የተባረረበትን በር ታስታውሳለች።

የተሻለ ነገር የታየው ሠዓሊዎቹ የራሳቸውን ሥዕል መልሰው ሲመረምሩ ነው። የቦግሳይድ ሠዓሊዎች በ1999 የሣሉት አንድ ሥዕል በ1971 በተኩስ መካከል የተገደለች የ14 ዓመት ተማሪን በትምህርት ቤት ልብሷ ያሳያል። ከጎኗ ጠመንጃ፣ ከበላይዋ ቢራቢሮ አለ። ሰላሙ መጽናቱን ስላላመኑበት ቢራቢሮውን ቀለም ሳይቀቡ ተዉት። በ2006 ተመልሰው ጠመንጃውን ተሰብሮ እንዲታይ አደረጉ፤ ቢራቢሮውንም ቀቡት። በ2007 ደግሞ ከሪፐብሊካኑ ወገን ዳኒ ዴቨኒ፣ ከፕሮቴስታንቱ ወገን ማርክ ኧርቪን አንድ መወጣጫ ላይ ቆመው የፒካሶን «ጌርኒካ» በቤልፋስት ግድግዳ ላይ አብረው ሣሉ። ሁለቱ ያገናኛቸው የራሳቸው ያልሆነ፣ የስፔን ሕዝብ ኀዘን ነበር። የራስን ለማየት አንዳንዴ በሌላው በኩል መዞር ይጠይቃል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ያልተለወጠ ግድግዳ አለ። ሠፈር ከሠፈር ለመለየት ከ1969 ጀምሮ የተገነቡት፣ «የሰላም ግንብ» የሚባሉት ናቸው። በ2013 የአካባቢው መንግሥት እስከ 2023 ሁሉንም አነሣለሁ ብሎ ነበር። 2023 መጣና አለፈ፤ አብዛኞቹ እንደ ቆሙ ናቸው። አፍርሱልን የሚል ነዋሪ እንዳለ ሁሉ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚሰጠን እሱ ነው የሚልም አለ። በደሪ ድልድይ አጠገብ በ1992 የቆመው ሐውልት ይህን በደንብ ያሳያል፤ ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ለመያያዝ ይዘረጋጋሉ፣ ጣቶቻቸው ግን አይነካኩም።

ለመምህር ምን ይተርፋል?

በሰሜን አየርላንድ አብዛኞቹ ልጆች ዛሬም የሚማሩት በየወገናቸው ትምህርት ቤት ነው። የሁለቱን ወገን ልጆች ሆን ብሎ አብሮ ለማስተማር የተከፈተው የመጀመሪያው ትምህርት ቤት፣ ላጋን ኮሌጅ፣ በ1981 ሥራውን የጀመረው በ28 ተማሪዎች ነበር። ያ ዓመት የረሃብ አድማው ዓመት መሆኑን ልብ በሉ! ውጭ ግድግዳው በሟቾች ፊት ሲሞላ፣ ጥቂት ወላጆችና መምህራን ልጆቹን አንድ አግዳሚ ላይ አስቀመጡ። እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ዛሬ በርክተዋል፤ ቢሆንም ከአሥር ተማሪዎች አንዱን እንኳ አያዳርሱም።

መምህር የሠፈሩን ግድግዳ ቀለም መቀባት አይችልም፤ ይቀባ ቢባልም የሟቹ ቤተሰብ ያዝንበታል። የሚችለው ልጁ ግድግዳውን እንዲጠይቀው ማስተማር ነው። ማንኛውም ሥዕል ወይም ሐውልት ፊት ቆመን የሚከተሉትን ልንጠይቅ እንችላለን።

1ኛ/ ይህን ያሠራው ማን ነው? ገንዘቡስ ከየት መጣ?
2ኛ/ የተሠራው ድርጊቱ በተፈጸመበት ጊዜ ነው ወይስ ከብዙ ዓመት በኋላ? ለምን ያን ጊዜ?
3ኛ/ እንዲያየው የተፈለገው ማን ነው? የሠፈሩ ሰው ወይስ አላፊ አግዳሚው?
4ኛ/ በሥዕሉ ውስጥ ሊኖር ሲገባው የሌለ ማን ነው?
5ኛ/ የሌለው ሰው እናት እዚህ ብትቆም ምን ትል ነበር?

አራተኛውና አምስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳሉ፤ ከሁሉም የሚጠቅሙት እነሱ ናቸው። ልጁ የራሱን ሟች እንዲረሳ አንጠይቀውም። የራሱን እያሰበ ለሌላው ቦታ እንዲተው እንለማመዳለን።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ግድግዳም እንደዚሁ ነው፤ የጻፉበትን ይዞ ይቆማል። ነገ በየተመደብንበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የምንሰቅለውን እኛው እንመርጣለን፤ እኛ በሌለን ሰዓትም ልጆቹ ያነቡታል። ይህች ጋዜጣም የተለጠፈችው ግድግዳ ላይ ነውና፣ ከላይ ያሉትን አምስት ጥያቄዎች በቅድሚያ በዚሁ ጽሑፍ ላይ እንድትሞክሯቸው እንጋብዛለን። የጎደለ ያገኘ ሠልጣኝም ሆነ አስተማሪ ለሚቀጥለው እትም ጽፎ ያምጣልን።